ስልሳ ጊጋ ባዶ ቦታ

«የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ፣ ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ!» መሐላው የባለታሪኩ የራሱ ነው። እንዲህ ተምሎበት የተነገረ ታሪክ ደግሞ ከእውነትም የባሰ እውነት ነውና የሚጠራጠር ካለ ከወዲሁ ተነሥቶ ይሂድ። እርግጥ ነው፣ በመሥሪያ ቤቱ ሰውየውን የሚጠሩት «አባ እጥፍ» እያሉ ነው። የተናገረውን ሁሉ ለሁለት አካፍሎ መስማት ነው ይላሉ፤ «ሃያ ሰው ተረባርቦብኝ ጣልኩት» ካለ ዐሥር፣ «ዐሥር ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» ካለ አምስት። ምቀኝነት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል! ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሆዱ ከቀበቶው ቀድሞ በር የሚያልፍ፣ ሳቁ ሦስት ፎቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ሥራው የአንድ ትልቅ መጽሔት ድረ ገጽ ቋት መጠበቅ ነው። ቋት ሲባል እህል የሚገባበት አይደለም፤ ጋዜጠኞቹ የጻፉት፣ ፎቶ አንሺዎቹ ያነሡት፣ አለቆቹ የቀባጠሩት ሁሉ ታጭቆ የሚቀመጥበት፣ ምድር ቤት ያለ አንድ ማሽን ነው። በእሱ አነጋገር የዓለም ትልቁ። በሌላ ሰው አነጋገር የዕቃ ሳጥን የሚያህል ጥቁር ነገር።

የዚያን ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ምድር ቤት ሊወርድ ደረጃ ላይ ነበር። ሊፍቱ ከቆመ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ማካፈል የፈለገ ያካፍል። አራተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ አንዲት መስኮት አለች፤ በሕንፃው ውስጥ የስልክ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማው እዚያች ብቻ ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱ ምሥጢር ሁሉ የሚፈሰው በእሷ ሥር ነው። የማን ልጅ ልታገባ እንደሆነ፣ ማን ሌላ ቦታ ሥራ እንደሚፈልግ፣ የማን ሐኪም ምን እንዳለ የሚታወቀው ከመስኮቷ በላይና በታች ባሉት ደረጃዎች ቀስ ብሎ በመውጣትና በመውረድ ነው። አባ እጥፍ ደግሞ በዚያ ደረጃ ላይ ቀስ ብሎ በመሄድ የሚተካከለው አልነበረም። የዚያን ዕለት መስኮቷን የያዛት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ክራቫቱን እያየ ይናገራል።

«አርባ ምናምን ሺህ ፎቶ ነው እኮ! ግማሹ ሰው ሞቷል፣ ግማሹ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዲስኩን የሞላው እሱ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና፣ ከሥሩ ቁረጥልኝ። … ሴትየዋን? ሴትየዋን በር ላይ የእንግዳ መዝገብ አስይዛታለሁ። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ፊርማ ነው የቀረው።»

ሴትየዋ የአባ እጥፍ ታላቅ እህት ናት። ሃያ ስድስት ዓመት የመጽሔቱን ፎቶዎች ጠብቃለች። ከፎቶዎቹ ከግማሽ የሚበልጡትን ያነሡት ደግሞ አባታቸው ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህን ቤት ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ትከሻቸው በማንገቻው በኩል ዘንበል ብሎ እስኪቀር ድረስ። አባ እጥፍ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ምክትሉን አንቆ በዚያችው መስኮት ሊወረውረው ይችል ነበር፤ ያልወረወረው ታች የቆሙት መኪናዎች አሳዝነውት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሰውየው ወጥቶ እስኪያልፍ ጠበቀ።

ከዚህ በኋላ የሚቀድመው ለእህት መንገር ነበር። ችግሩ፣ እህትና ወንድም ከተኳረፉ ዐሥራ አንድ ወር ሆኗቸዋል። አንድ ኮሪደር ላይ እየሠሩ፣ በአንድ በር እየገቡ፣ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ሥራ ግን ሥራ ነውና በመሥሪያ ቤቱ የአገልግሎት መጠየቂያ ቅጽ ይጻጻፉ ነበር፤ እሷ በኮምፒውተሯ ቅጹን ትሞላለች፣ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ቂው ይላል። «ለቴክኒክ ክፍል፦ ማተሚያው ወረቀት ያኝካል። ከፎቶ ክፍል።» እሱ ሄዶ፣ እሷ ወደ መስኮት ዞራ ተቀምጣ ሳለ፣ ማተሚያውን ጠግኖ ይመለስና «ለፎቶ ክፍል፦ ተሠርቷል» ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ብቻ «ተሠርቷል፣ እትዬ» ብሎ ጽፎ ነበር። ቅጹ «ተጨማሪ ቃል አያስፈልግም» ተብሎበት ተመለሰ።

የኩርፊያውን ምክንያት የሚያውቅ የለም። አባታቸው የሞቱ ሰሞን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብሎ ሳለ፣ አባ እጥፍ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሆስፒታሉ አልጋ ሥር ሳይነሣ እንዴት እንዳስታመማቸው፣ በመጨረሻዋም ሰዓት እጁን ጨብጠው እንዴት አድርገው እንደመረቁት ይተርክ ነበር። ለቀስተኛው በእንባ ታጠበ። የማይታወቁ ሰዎች ሳይቀሩ ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት። በዚያ መሐል እህት ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም። ኀዘን አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል፤ ምን ይደረግ።

መጀመሪያ ግን ማሽኑን ለማየት ወረደ። የማሽን ክፍሉ ድሮ የካፖርት መስቀያ ነበር፤ መንጠቆዎቹ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፣ በካፖርት ፈንታ የኤሌክትሪክ ገመድ ተጠምጥሞ ይንጠለጠልባቸዋል። ማቀዝቀዣው ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ቢጫ ባልዲ አለ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይደፋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ዘጠና ዘጠኝ ይላል። መቶ ሲሞላ ሥርዓቱ ቀጥ ይላል፤ ሥርዓቱ ቀጥ ካለ መጽሔቱ አንዲት መስመር ማውጣት አይችልም።

አሁን ጆሮ ስጡ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቋት ውስጥ «አጥፋ» ማለት ማጥፋት አይደለም። ስሙ ከዝርዝር ይፋቃል እንጂ ዕቃው እዚያው ተጋድሞ ይቀራል፣ አንዲት ስንዝር ቦታ አይለቅም። «አስቀምጥ» በተባለ ቁጥር ደግሞ አዲሱ ከአሮጌው ጎን ይገባል። ዲስኩን የሞላው የእህት ፎቶ ሳይሆን ራሱ ምክትሉ ነበር። በድረ ገጹ መግቢያ ላይ እጁን እያወዛወዘ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚልበት የስድስት ደቂቃ ፊልም አለው፤ ክራቫት በቀየረ ቁጥር እንደገና ይቀረጽና አሮጌውን «አጥፍቶ» አዲሱን ይጭናል። የጠፉት ምክትሎች ከነክራቫታቸው ቋቱ ውስጥ ተደራርበው ተኝተዋል። አባ እጥፍ ሲቆጥራቸው ዘጠኝ መቶ ነበሩ። እነሱን የሚያስወጣ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥረጋ። ጥረጋው ቋቱን ከዳር እስከ ዳር ያስሳል፣ የሚፈለገውን እያነሣ ወደ አዲስ ቦታ ያዛውራል፣ ሲጨርስ የቀረውን አሮጌ በሙሉ ያነደዋል። ለማዛወር ግን ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ስልሳ ጊጋ። የነበረው ባዶ ቦታ አራት ጊጋ ነው። ይህን ከሦስት ወር በፊት ለምክትሉ አስረድቶ አዲስ ዲስክ ጠይቆ ነበር። ምክትሉ ሳቀና «እናንተ ሰዎች ቤት ለመጥረግ ሌላ ቤት ስጡን ነው የምትሉት» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ከተተው። ተንቀሳቃሽ ዲስክ እንዳይሰካ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ቫይረስ ገብቷል ተብሎ፣ የማሽኑ መሰኪያ ሁሉ በምክትሉ ፊርማ ታሽጓል።

ከምድር ቤት ተመልሶ ወጣ። የእህት ክፍል ከላይ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። የአሮጌ ፊልም የኮምጣጤ ሽታ በሩ ላይ ይቀበላል። ከወለል እስከ ጣሪያ ሣጥን ነው፣ እያንዳንዱ ሣጥን ላይ ዓመተ ምሕረቱ በአባታቸው ጠማማ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። እሷ ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጋ፣ አንዲት ፎቶ በሁለት ጣት ጫፍ ይዛ፣ ወደ ብርሃኑ ዘርግታ ታያለች። ፎቶው ላይ ዝናብ ውስጥ የቆሙ ሦስት አናጢዎች አሉ።

«እትዬ» አለ።

ፎቶውን ገልብጣ ጀርባውን አነበበች።

«እትዬ፣ አስቸኳይ ነው። ሞት ነው የምልሽ።»

ሳትዞር በጓንቷ ጣት ወደ ኮምፒውተሯ አመለከተች። ቅጽ ሙላ ማለቷ ነው። በሕይወቱ በሺህ መድረክ ላይ ቆሞ የተናገረ ሰው ወደ ኮሪደሩ ወጣ፣ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን አወጣ፣ በወፍራም አውራ ጣቱ እየተሳሳተና እየደለዘ ጻፈ፦ «ለፎቶ ክፍል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ፎቶዎቹን ሁሉ ሊያጠፏቸው ነው። አንቺን በር ላይ ሊያስቀምጡሽ ነው። ጥረጋው ካለቀ ምክንያት የላቸውም። ስልሳ ጊጋ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ከቴክኒክ ክፍል።» ውስጥ ቂው ሲል ሰማ። ከዚያ ወንበር ተጎተተ። አንገቱን ብቅ አድርጎ ሲያይ እህት አንዱን ጓንት አውልቃ፣ ሁለተኛውን እያወለቀች ነበር።

ወደ ምድር ቤት አብረው ወረዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ በመሐላቸው አራት ደረጃ። በማሽን ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ስለሆነ እሷ ቆመች። እሱ ከቋቱ ውጭ፣ በዚያው ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ዘረዘረ። «ከቋቱ ውስጥ ምንም ብናጠፋ ዋጋ የለውም፣ ቦታ አይለቅም» አላት፤ «ከቋቱ ውጭ ያለ ነገር ግን ሲጠፋ ወዲያው ነው የሚለቀው። እሱን ነው የምንፈልገው።» ዝርዝሩ አጭር ነበር። ጥቃቅኑን ሁሉ ጠራርጎ አንድ ጊጋ እንኳ አልሞላለትም። ከታች አንድ አቃፊ ብቻ ቀረ፦ «የአባባ»፣ ስልሳ ሁለት ጊጋ።

ሁለቱም አዩት። ዐሥራ ዘጠኝ ቪዲዮ ነው፣ ለእያንዳንዱ የሆስፒታል ቀን አንድ። እህት ስልኳን በውኃ ጆጉ ላይ አስደግፋ፣ አልጋው ላይ ላሉት አባቷ አሮጌ ፎቶዎችን አንድ በአንድ እያሳየች፣ እሳቸው «ይሄ እገሌ ነው፣ ይቺ የእገሌ ሚስት ናት» እያሉ ሲነግሯት ቀርጻዋለች። ስልኳ ትንሽ ስለሆነች በየማታው ወደዚህ ታወርደው ነበር። ቦታውን የሰጣትም እሱ ነው፣ በቅጽ፦ «ተሰጥቷል።» ከፍቶ ግን አይቶት አያውቅም፤ ሥራ በዝቶበት። በአውራ ጣቱ ዝርዝሩን ወደ ላይ ገፋው፣ አቃፊው ከስክሪኑ ወጣ።

«ይሄ አይነካም» አለ።

እህት ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። ባልዲው ውስጥ ውኃው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እኔ እወጣለሁ። ምክትሉን እገጥመዋለሁ። ያንን ፊልሙን በገዛ አፉ ‘አጥፋው’ አስብለዋለሁ። አንቺ እዚህ ቁጭ በይ፣ ቁጥሩን ጠብቂ። ቦታ ከተገኘ ይቺን ቁልፍ ነው የምትጫኚው፤ ጥረጋው ይጀምራል።» ወንበሩን ለቀቀላት። ተቀመጠች።

የምክትሉ ቢሮ ስድስተኛ ፎቅ ነው። አባ እጥፍ ያንን ሁሉ ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ወጣው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስተኛው ላይ፣ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ ትንሽ ቆየ። ፀሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አረፍ ይበሉ» አለችው። በሩ ፊት ለፊት ባለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል አረፍ አለ፤ ምናልባት ለሁለት። የግድግዳው ሰዓት የተበላሸ መሆን አለበት፤ ሲቀመጥ አምስት ሰዓት ከሩብ፣ ሲነሣ ሰባት ተኩል ይል ነበር። ፊት ለፊቱ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ላይ ምክትሉ እጁን እያወዛወዘ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል፣ ያበቃና እንደገና ይጀምራል። አባ እጥፍ ሃያ ሁለት ጊዜ ሲያወዛውዝ ቆጠረው። አንድ ጊዜ ከአግዳሚው ተነሥቶ በሩ ድረስ ሄዶ፣ እጁን ለማንኳኳት አነሣ፤ ከውስጥ የሳቅ ድምፅ ሲሰማ መልሶ ተቀመጠ። ሳቁን ማሳለፍ ስለሚገባው ነው፤ ጀግና ሰው ጊዜውን ይመርጣል።

ከዚያ ገባ። እንዴት እንደገባ ሲናገር በሩ ከነማጠፊያው ወልቋል። በውስጡ የነበሩት ዐሥራ ሁለት ሰዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። «ጌታዬ» አለ አባ እጥፍ፣ «እርስዎ ወንበር ላይ ሳይወጡ፣ ይህ ቤት ስም ያገኘው አንድ ሰው ዝናብና ፀሐይ ሳይል ካሜራ ተሸክሞ ነው። ያንን ሰው እኔ በእጄ ይዤ ነው የሸኘሁት። ዛሬ ሥራውን የሚነካ እጅ ካለ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠውና ልየው!» ክፍሉ ውስጥ ዝንብ እንኳ አልተነፈሰችም። ምክትሉ ክራቫቱን አላላ። አፉ ደረቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ ይላል አባ እጥፍ፤ አንዱ ዓይኑ ነው፣ ግራው። «አጥፋው ወንድሜ» አለ በመጨረሻ፣ «ፊልሜን አጥፋው፣ ይቅር በለኝ።» አባ እጥፍ የቢሮውን ስልክ አንሥቶ ወደ ማሽን ክፍሉ ደወለና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ጥረጊ!»

ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ምክትሉ አሁንም እጁን ያወዛውዛል። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ የጠፋ ነገር ጥላው ለጥቂት ጊዜ ይቆያል።

ምድር ቤት ሲደርስ ጥረጋው ተጀምሯል። እህት እዚያው ወንበር ላይ ናት፣ እጆቿ ጭኖቿ ላይ። ስክሪኑ ላይ «ዐሥራ ሁለት ከመቶ» ይላል፤ ከጎኑ የቀረው ባዶ ቦታ ይነበባል፣ ሃምሳ አምስት ጊጋ። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ የዚያ ክፍል ማቀዝቀዣ ለዓይን አይመችም። ከየት ተገኘ ብሎ አልጠየቃትም፤ ራሱ ያስገኘውን ነገር ምን ብሎ ይጠይቃል። ከጎኗ ቆመ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ሠላሳ፣ አርባ አራት፣ ሃምሳ ስምንት። አንደኛው ቁጥር ሲወጣ ሁለተኛው ይወርዳል፤ ጥረጋው የሚያነሣውን ሁሉ አዲስ ቦታ ላይ ይደረድራል፣ ቦታው እያለቀ ይሄዳል። ሳይጨርስ ቦታው ካለቀ ሥርዓቱ መሐል ላይ ቀጥ ይላል፤ አሮጌውም አይነሣ፣ አዲሱም አይሞላ። ሰባ አንድ ላይ ደረሰና ቆመ። አንድ ደቂቃ። አምስት ደቂቃ። አባ እጥፍ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ሰባ አንድ። ባልዲው ሞልቶ ወለሉ ላይ መፍሰስ ጀመረ፣ ማንም አልደፋውም፤ ውኃው በእህት ጫማ ሥር አለፈ፣ እግሯን አላነሣችም። ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሰባ አንድ። ይህኛው ለሁለት አይካፈልም፤ የማሽኑ መዝገብ ላይ ተጽፏል።

«የትኞቹ ላይ ነው የቆመው?» አለች።

በዐሥራ አንድ ወር ውስጥ የሰማው የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። ደንግጦ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «ፎቶዎቹ ላይ ነው። አንድ በአንድ እያነሣቸው ነው። ብዙ ናቸው።»

«ብዙ ናቸው» አለች።

ሰባ ሁለት።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ በሩ ተንኳኳ። ምክትሉ ነው፣ ከጎኑ ቦርሳ ያነገተ፣ ጨዋ የሚመስል የውጭ ባለሙያ። አባ እጥፍ በሩ መሐል ቆመ። ደረቱን ነፍቶ ግራና ቀኙን እንደ ግንብ ዘጋው፤ ሆዱም በዚህ ቀን ለቁም ነገር ዋለ። «ዘጠኝ አልሆነም» አለ። «ዐሥራ አምስት ደቂቃ አለኝ።»

«ምን ታደርግበታለህ?» አለ ምክትሉ።

«ቤት እየጠረግን ነው፣ ጌታዬ።»

ምክትሉ ሰዓቱን አየ። ባለሙያው በአባ እጥፍ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አየና ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። የሙያ ሰው ያውቃል፤ እሱም መጠበቅ ጀመረ። ዘጠና አንድ፣ ሦስት ጊጋ ቀርቶታል። ዘጠና ስድስት፣ አንድ ጊጋ። ዘጠና ዘጠኝ ላይ የባዶ ቦታው ቁጥር ጠፋ፣ ዜሮ ሆነ መሰለ፣ አባ እጥፍ የበሩን መቃን ጨበጠ። ከዚያ ማሽኑ እንደ ደከመው ሰው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀና አሮጌውን ማንደድ ጀመረ። ክራቫት ሁሉ፣ ውዝዋዜ ሁሉ፣ ዘጠኝ መቶው ምክትል ሁሉ ነደደ። ዘጠና ዘጠኝ የነበረው የዲስኩ ሙላት ሰማንያ፣ ስልሳ ሦስት፣ ሠላሳ ስምንት ላይ ወርዶ ቆመ።

«ጌታዬ» አለ ባለሙያው ቦርሳውን መልሶ እያነሣ፣ «እኔ የምቆርጠው ነገር የለም። ከግማሽ በላይ ባዶ ነው።» ምክትሉ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ጫፉ ብቅ ያለውን ነጭ ፖስታ በጣቱ ወደ ውስጥ ገፋው፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ደረጃውን ወጣ። እህት ተነሥታ ባልዲውን ደፋች።

በዚያው ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ ቂው አለ። «ለቴክኒክ ክፍል፦ ዛሬ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ እቤት። ከፎቶ ክፍል።» አባ እጥፍ ሦስት ጊዜ ጻፈ፣ ሦስት ጊዜ ደለዘ፣ በመጨረሻ «ተሠርቷል» ብሎ ላከ።

የእህት ቤት ሁለት ክፍል ነው። ዐሥራ አንድ ወር ስላልረገጠው ምንጣፉ የተቀየረ መሰለው፤ አልተቀየረም፣ ሶፋው ነው ወደ መስኮቱ የዞረው። አክስታቸው፣ የአባታቸው እህት፣ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። «አንተ ጠፍተህ ጠፍተህ፣ ሆድህ ብቻ ነው የመጣው!» አሉት፣ ጉንጩን እየሳሙ። ገና ብርሃን ነበር፣ የፊት ለፊቱ ሕንፃ መስኮቶች ቀልተዋል። አባ እጥፍ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ «የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብሎ ጀመረ። እስካሁን የተነበበው ሁሉ እዚያ የተነገረው ነው። በሩ ከማጠፊያው ሲወልቅ አክስት በሳቅ ፈረሱ። «ዐሥራ ሁለት ሰው? እንግዲህ ስድስት ልበል» እያሉ ያካፍላሉ፣ የምክትሉ ግራ ዓይን እንባ ሲያቀርር ደግሞ «እሱን አላካፍልም፣ እንዲያውም ቀኙንም ጨምርልኝ» አሉ። እህት ከጠረጴዛው ማዶ ብርቱካን ትልጣለች። ልጣጩ ሳይበጠስ እየተጠመዘዘ ወደ ሣህኑ ይወርዳል።

«አይ ልጄ!» አሉ አክስት ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ወንድሜን እንደዚያ ያስታመመ ልጅ፣ ለእህቱ ይህን ማድረግ ያንሰዋል? እውነት ነው አይደል፣ አንቺ?»

«አይደለም» አለች እህት።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር አክስት «እ?» ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«እሱ የምክትሉ ቢሮ አልገባም። ልጠራው ስድስተኛ ፎቅ ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ አግዳሚው ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አላየኝም። ተመልሼ ወረድኩ።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ፊልሙም አልጠፋም። ቢጠፋም ከቋቱ ውስጥ ነው፣ ቦታ አይለቅም ነበር። ራሱ ነው ያስረዳኝ።»

«ታዲያ ቦታው ከየት መጣ?» አሉ አክስት።

«የአባባን አጠፋሁት።»

አባ እጥፍ አፉን ከፈተ። «ሁሉንም?»

«ዐሥራ ዘጠኙንም። የሰዎቹን ስም ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ፎቶዎቹ ከነስማቸው አሉ። እነሱን ያነሣው አባባ ነው።» ጣቷን በፎጣ ጠረገች። «ያንን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

አክስት ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ከዚያ እንደ ልጅ «ያ የመረቀውስ?» አሉ። «እጁን ይዞ የመረቀው? እሱን አንድ ቀን ታሳዪኛለሽ ብዬ ነበር እኮ። እሱም ጠፋ?»

እህት ወንድሟን አየችው። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ዓይኑን አይታው አታውቅም ነበር።

«ምርቃት አልነበረም፣ አክስቴ። እሱም አልነበረም። ለአባባ አንድ ፎቶ አሳየዋለሁ፣ ስሙን ይነግረኛል፣ ከዚያ ‘ያ ልጅ መጣ ወይ?’ ይላል። ‘መንገድ ላይ ነው አባባ፣ ደርሷል’ እለዋለሁ። ሌላ ፎቶ አሳየዋለሁ። ‘ያ ልጅ መጣ ወይ?’ ‘ደርሷል።’ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እዚያ ቪዲዮ ላይ የምትዋሸው እኔ ነኝ።»

ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋችው።